ሳሩ ለምን ቢጫ ሆነ? የአንድ ኳስ ቤት ቴሌቪዥንና የኳንተም ዶት ጉዳይ

ጉዳዩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ኳስ ማሳያ ቤት 65 ኢንች "ኪውሌድ" ቲቪ አላት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ባክላይቱ (ከስክሪኑ ጀርባ የሚያበራው መብራት) ተቃጠለ፣ አንድ ጥገና ቤት (ስሙ ይቆየን) የኤልኢዲ ስትሪፑን (የኤልኢዲ አምፖሎቹ የተደረደሩበትን ዘንግ) በአዲስ ቀይሮ መለሰላቸው። ቲቪው በራ፣ ድምፅም ምስልም አለ፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ቀለሙ ከፋ። ሳሩ ቢጫ፣ ነጩ ክሬም፣ ቀይ ማሊያ ወደ ብርቱካን የሄደ፣ የቼልሲ ሰማያዊ ደግሞ ደብዝዞ ጥቁር ለመሆን ትንሽ የቀረው። ፓኔሉ (ምስሉ የሚታይበት ስክሪን) ደህና ነው፣ ቦርዱም ደህና ነው። ችግሩ የነበረው ከፓኔሉ ጀርባ ባለች አንዲት ስስ ፊልም ውስጥ ያሉ፣ ስፋታቸው ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) የሆነ፣ ኳንተም ዶት የሚባሉ የሴሚኮንዳክተር ክሪስታሎች የሚፈልጉትን ብርሃን ሳይሆን ሌላ ብርሃን ስለተሰጣቸው ነው።

ይሄን በዝርዝር የምፅፈው እንዲህ አይነት ቲቪ ከተማችን ውስጥ እየበዛ ስለሆነና ቀለሙ ሲበላሽ ሰው ወዲያው "ፓኔሉ ሞቷል" ተብሎ ስለሚሸኝ ነው። ፓኔል ሞተ ማለት ደግሞ ቲቪው አለቀ ማለት ነው፣ የፓኔል ዋጋ ከቲቪው ዋጋ ብዙም አይርቅም። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ትርፍ ሰዓቴን እዚሁ ጎንደር አራዳ ሰፈር ባለ የጓደኛዬ ጥገና ቤት ነው የማሳልፈው፣ እሱ እጁ ይሰራል እኔ ለምን እንደሚሰራ እጠይቃለሁ።

የቤቷ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ሲመጡ እንዲህ አሉን፦ "ልጆቼ፣ ሰው እየሸሸኝ ነው። 'ማንቼ ብርቱካን ለብሶ ነው እንዴ የሚጫወተው' እያሉ ከማዶ ካለው ቤት ይገባሉ። ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ ምን ላሳይ ነው?" የጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ አልጋ የማይገኝበት ጊዜ ነው፣ ለኳስ ቤትም ለሻይ ቤትም የዓመቱ ገበያ እሱ ነው፣ ስለዚ ጭንቀታቸው ይገባናል።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን አጣራን። ዲኮደሩ ነው እንዳንል የቲቪው የራሱ ሜኑ ራሱ ቢጫ ነው፣ ሜኑው ደግሞ ከዲኮደር አይመጣም። ከፍላሽ ላይ ነጭ ብቻ የሆነ ፎቶ ከፈትን፣ እሱም ክሬም። ሴቲንግ ውስጥ ስንገባ ከኛ በፊት ሰው እንደነካካው ያስታውቃል፣ የቀለም ሙቀቱን ወደ "ኩል" አድርገው፣ ቀይና አረንጓዴውን ደግሞ አውርደውት ነበር። እሱን ወደ ፋብሪካው ስንመልሰው ቢጫው ብሶ ቁጭ። ሴቲንግ ላይ ቀይና አረንጓዴን ማውረድ ማለት ፓኔሉ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ቀንሶ ያሳልፍ ማለት ብቻ ነው፣ ከኋላ ያልመጣ ሰማያዊ በሴቲንግ አይጨመርም፣ ለዚህ ነው ምስሉ ቢጫነቱ ትንሽ ቀንሶ በምትኩ የጨለመባቸው።

እና እዚ ጋ አንድ ነገር አየን፣ ጉዳዩን የፈታው እሱ ነው። ነጩን ፎቶ እንደከፈትነው ከታች በግራ በኩል ጥጉ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ ብቻ ንፁህ ነጭ ናት! ሌላው 65 ኢንች በሙሉ ክሬም ሆኖ እሷ ብቻ ነጭ። ጓደኛዬ "ያቺ ጥግ ናት የተበላሸችው" አለ። አይ፣ ነገሩ እንደዛም ነው እንደዛም አይደለም። ጥጓ በእርግጥ ተበላሽታለች፣ ግን የተበላሸችው ቦታ ናት ትክክለኛ ነጭ የምታሳየው፣ ደህናው ቦታ ነው ቢጫ የሆነው። ይሄ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስረዳ ምክንያት መፈለግ ነበረብን።

ከፈትነው። ለማያውቅ ሰው፣ እንደዚህ አይነት ኤልሲዲ ቲቪ ከኋላ ወደፊት ሲቆጠር መጀመሪያ የኤልኢዲ ስትሪፖች ናቸው በየኤልኢዲው ላይ ትንሽ ሌንስ ያለባቸው፣ ከስራቸው ብርሃን የሚመልስ ነጭ ሺት አለ፣ ከነሱ ፊት ወፈር ያለ ነጭ ዲፊውዘር (ብርሃኑን እኩል የሚበትን)፣ ቀጥሎ ስስ ፊልሞች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው፣ መጨረሻ ፓኔሉ። ፊልሞቹ መካከል አንዷ ከሌሎቹ ትለያለች፣ ሌሎቹ ነጭ ወይ የሚያብለጨልጩ ናቸው፣ እሷ ግን በቀን ብርሃን ወደ ቢጫ ብርቱካን የምታደላ ናት። ብዙ ሰው እሷን ሲያይ "በሙቀት ቢጫ ሆና ነው" ብሎ ሊጥላት ይችላል። እንዳትጥሏት! ቲቪው ላይ ኪውሌድ የሚለውን ፅሁፍ ያስፃፈችው እሷ ናት፣ ኳንተም ዶቶቹ ያሉት እሷ ውስጥ ነው። (ኪውሌድ ሲባል ኤሌክትሪክ በቀጥታ ኳንተም ዶቱን የሚያበራው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ገበያ ላይ ያሉት የቤት ቲቪዎች እንደዛ አይደሉም፣ ኤልኢዲው ያበራል፣ ኳንተም ዶቱ ያንን ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም ይመልሳል።)

ፊልሟን ስናነሳት ከታች በግራ ጥጓ ተጣጥፋ፣ ሁለቱ የፕላስቲክ ሽፋኖቿ ተላቀው አገኘናት። በፊተኛው ጥገና ጊዜ ሲያወጧት የተጎተተች ይመስላል። ያቺ ጥግ ብርቱካናማው ቀለም የላትም፣ ገርጥታለች።

ከዛ ስትሪፑን ብቻውን አበራነው። ነጭ። ጥርት ያለ ነጭ ብርሃን። በቃ፣ ጥፋቱ እዚ ላይ ነበር፣ ምክንያቱም የዚህ ቲቪ ስትሪፕ ነጭ መሆን አልነበረበትም፣ ሰማያዊ ነው መሆን የነበረበት።

የፊተኛውን ባለሙያ ለመውቀስ አይደለም የምለው። ለምን እንዳልታወቀው ማየት ይቻላል። ነጭ ኤልኢዲ የምንለው ራሱ ውስጡ ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው፣ ኢንዲየም ጋሊየም ናይትራይድ የሚባል ሴሚኮንዳክተር፣ የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን የሚያበራ፣ ላዩ ላይ ቢጫ ፎስፈር (ብርሃን ውጦ በሌላ ቀለም የሚመልስ ነገር) ተቀብቶበት። ፎስፈሩ ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይቀይረዋል፣ ሰማያዊና ቢጫ ተደምሮ ለዓይናችን ነጭ ይመስላል። (ያንን ሰማያዊ ኤልኢዲ ለሰሩት ለአካሳኪ፣ ለአማኖና ለናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል የተሰጠው ያለ እሱ ነጭ ኤልኢዲ ስለሌለ ነው።) ውስጣቸው አንድ አይነት ቺፕ ስለሆነ የሚፈልጉት ቮልቴጅ አንድ ነው፣ ቴስተር ላይ ሁለቱም እኩል ይበራሉ፣ ርዝመታቸው አንድ ነው፣ ሶኬታቸው አንድ ነው፣ የቲቪው ድራይቨር (ለኤልኢዲዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ልዩነቱን አያውቀውም። ቲቪው ምንም አይነት ፕሮቴክሽን ውስጥ አይገባም፣ ፏ ብሎ ይበራል። በመልቲሜትር ብቻ ለሚሰራ ሰው ይሄ ስህተት አይታይም፣ የሚታየው በቀለም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ፣ ምክንያቱም ለምን ነጭ ላይ ኳንተም ዶት ሲደረብ ቢጫ እንደሚሆን ካልገባን ሌላ ጊዜም እንሳሳታለን።

ሴሚኮንዳክተር ማለት ኤሌክትሮኖቹ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ላይኛው ለመውጣት የተወሰነ ጉልበት የሚፈልጉበት ነገር ነው። ያ ክፍተት ባንድ ጋፕ ይባላል። ከባንድ ጋፑ የበለጠ ጉልበት ያለው ብርሃን ሲመጣ ይውጠዋል፣ ያነሰ ከሆነ ያሳልፈዋል። የዋጠው ኤሌክትሮን ደግሞ ትንሽ ጉልበት በሙቀት ይጥልና ከክፍተቱ ጫፍ ሲወርድ ብርሃን ይሰጣል፣ የሚሰጠው ቀለም በክፍተቱ ስፋት ይወሰናል። እስከዚ ድረስ ትልቁም ትንሹም ክሪስታል አንድ ነው። ካድሚየም ሴሌናይድ በትልቁ ሲሆን ባንድ ጋፑ 1.74 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ) ነው፣ ያ ማለት ጥቁር ሊባል የደረሰ ጥልቅ ቀይ። ኢንዲየም ፎስፋይድ በትልቁ 1.35 አካባቢ ነው፣ ያ ጭራሽ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ውስጥ ነው።

ክሪስታሉን ግን እያሳነስከው እያሳነስከው ጥቂት ናኖሜትር ላይ ስታደርሰው ኤሌክትሮኑ እንደልቡ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል፣ ተጨንቆ ሲቀመጥ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። አዝማሪ የማሲንቆውን ጭራ በጣቱ ወደ ታች ይዞ ሲያሳጥረው ድምፁ እንደሚቀጥነው ማለት ነው፣ ጭራው ያው ነው፣ የተለወጠው የሚንቀጠቀጠው ክፍል ርዝመት ነው። ካድሚየም ሴሌናይድ 2 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን ሰማያዊ ያበራል፣ ወደ 6 ሲጠጋ ቀይ ይሆናል፣ መሃሉ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ናቸው። ኬሚካሉ አንድ፣ መጠኑ ብቻ የተለያየ። ይሄ ነገር እኔ ዩኒቨርሲቲ ስማር በፎርሙላ ነው ያለፈኝ፣ እውነት ለመናገር በእጄ ይዤው ያየሁት እዚህ ጥገና ቤት ነው፣ እና እስካሁን ይገርመኛል።

የተገኘውም በሂሳብ ብቻ አይደለም። አሌክሲ ኤኪሞቭ የሚባል ሰው ሶቭየት ህብረት ውስጥ ባለቀለም መስታወት ሲያጠና መዳብ ክሎራይድ የተጨመረበት መስታወትን ከ500 እስከ 700 ዲግሪ እያሞቀ፣ አንዳንዱን 1 ሰዓት አንዳንዱን እስከ 96 ሰዓት እያቆየ፣ ውስጡ የሚፈጠሩት ክሪስታሎች ባነሱ ቁጥር የሚውጡት ብርሃን ወደ ሰማያዊ እንደሚሸሽ አየ፣ 1981 እ.ኤ.አ. ላይ አሳተመው። አሜሪካ ቤል ላብስ የነበረው ሉዊስ ብረስ ደግሞ ይሄን ሳያውቅ፣ ፈሳሽ ውስጥ የሰራቸው የካድሚየም ሰልፋይድ ቅንጣቶች ጠረጴዛ ላይ ቆይተው ሲያድጉ የብርሃን ባህሪያቸው እንደተለወጠ አስተዋለ፣ 1983 ላይ እሱም አወጣ። ሙንጂ ባዌንዲና ጓደኞቹ 1993 ላይ ትኩስ ፈሳሽ ውስጥ በመርፌ እየወጉ መጠናቸው እኩል የሆነ ጥርት ያለ ክሪስታል መስራት ቻሉ፣ ለቲቪ ያበቃን ያ ነው፣ ምክንያቱም መጠናቸው ካልተመጣጠነ ቀለሙ ይዘባረቃል። ሶስቱ የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። ሶኒ በ2013 የመጀመሪያዎቹን ባለ ኳንተም ዶት ቲቪዎች ገበያ ላይ አወጣ፣ ሳምሰንግ ደግሞ በ2017 ኪውሌድ የሚለውን ስም አመጣና ስሙ ያዘ።

ወደኛ ቲቪ ስንመለስ፣ ፊልሟ ውስጥ ሁለት አይነት ኳንተም ዶት ነው ያለው፣ አረንጓዴ የሚሰጥ (530 ናኖሜትር አካባቢ) እና ቀይ የሚሰጥ (630 አካባቢ)። ሰማያዊ የሚሰጥ የለም፣ አያስፈልግም፣ ሰማያዊው ከኤልኢዲው ሳይቀየር የሚያልፈው ነው። የሰማያዊ ፎቶን ጉልበት 2.76 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስለሆነ አረንጓዴውንም (2.34) ቀዩንም (1.97) ማስነሳት ይችላል። ፋብሪካው የዶቶቹን ብዛት የሚለካው "ንፁህ ሰማያዊ ይመጣል፣ ከሱ ላይ ይሄን ያህሉን ወደ አረንጓዴና ቀይ እቀይራለሁ፣ የቀረው ሰማያዊ ያልፋል፣ ሲደመር ነጭ" ብሎ ነው። አሁን በሰማያዊው ፋንታ ነጭ ስታስገባበት፣ ያ ነጭ ገና ከኤልኢዲው ሲወጣ ሰማያዊው በፎስፈር ተቀንሶ ነው የመጣው፣ ፊልሟ ደግሞ ከተረፈው ላይ እንደገና ትቆርጣለች። ሁለቴ ተቀረጠ በለው። የሚቀረው ሰማያዊ ትንሽ፣ ቢጫው አረንጓዴው ቀዩ ብዙ። ክሬም ሆነ።

ጥጓም በዚሁ ተፈታች። እዛ ጋ ዶቶቹ ሞተዋል፣ ስለዚ ነጩ ሳይነካ ያልፋል፣ ነጭ ሆኖ ይታያል። የተበላሸችው ትክክል የመሰለችው ለዚህ ነው።

ይሄን ለጓደኛዬ በቃል ስነግረው "ቲቸር፣ እስኪ አሳየኝ" አለ፣ ትክክል ነው፣ ማየት ይሻላል። ክላስ ውስጥ ለመጠቆሚያ የሚያገለግለኝን ቀይ ሌዘር (650 ናኖሜትር) ፊልሟ ላይ አበራሁት፣ ቀይ ነጥብ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለም። 1.91 ኤሌክትሮን ቮልት ነዋ፣ ቀዩን ዶት እንኳን ለማስነሳት አይበቃውም። አረንጓዴውን ሌዘር (532) ሳበራው ግን ነጥቡ ዙሪያ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ድንግዝግዝ ብርሃን ተዘረጋ፣ ጓደኛዬ ቀይ የከረሜላ ወረቀት ዓይኑ ላይ አድርጎ ሲያይ አረንጓዴው ነጥብ ደብዝዞ ቀይ ፍካት ብቻ ቀረለት። ከአረንጓዴ ብርሃን ቀይ ሲወጣ፣ ከቀይ ግን አረንጓዴ በፍፁም አይወጣም። የባንድ ጋፕ ትርጉም ይሄው ነው፣ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ የለም። (ሌዘር ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ የሚያብረቀርቁት ፊልሞች ላይ ደግሞ ይመለሳል፣ ተጠንቀቁ።)

ሁለተኛው መሳሪያችን የድሮ ዲቪዲ ነው። የዲቪዲ መስመሮች በመካከላቸው ያለው ርቀት 0.74 ማይክሮሜትር ነው፣ ብርሃን ለመበተን ሸጋ ነው። የጫማ ካርቶን አንድ ጫፉ ላይ በሁለት ምላጭ ጠባብ ስንጥቅ ሰርተን፣ ሌላው ጫፍ ላይ የዲቪዲ ቁራጭ ጋደም አድርገን ለጠፍን፣ ከላይ በቀዳዳ ማየት ነው። ነጩ ስትሪፕ ላይ ፊልሟን ደርበን ስናይ አንድ ሰማያዊ ጭረት፣ ትንሽ ጨለማ፣ ከዛ ከአረንጓዴ ጀምሮ በቢጫ አልፎ እስከ ቀይ ድረስ ያልተቋረጠ ዝርግ ቀለም። ኳንተም ዶት በራሱ ሲሆን ጠባብ ነው የሚያበራው፣ የቀለሙ ስፋት (ከጉልላቱ ግማሽ ላይ ሲለካ) ከ25 እስከ 40 ናኖሜትር አካባቢ፣ የቢጫው ፎስፈር ግን ከ100 በላይ ነው። ፎስፈሩ በአረንጓዴና በቀይ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶታል። ያ የሞላው ቢጫ ደግሞ በፓኔሉ ቀይ ማጣሪያም በአረንጓዴው ማጣሪያም በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ የማንቼ ማሊያ ብርቱካን የሆነው፣ ሳሩም ቢጫ የሆነው እዛ ጋ ነው። ስለዚ ሴቲንግ ላይ ነጩን እንኳን በግድ ብታስተካክለው ቀዩ ጥርት አይልም።

ከዛ ሰማያዊ ስትሪፕ ፍለጋ። ጎንደር ውስጥ ለብቻው የሚሸጥ አላገኘንም፣ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ደግሞ 700 ከምናምን ኪሎሜትር ነው፣ የሚልከው ሰው ራሱ "ነጭ ነው ሰማያዊ ነው" ስትለው "ስትሪፕ ስትሪፕ ነው" ካለህ አለቀልህ። እድል ቀንቶን ጓደኛዬ የሚያውቀው ሌላ ጥገና ቤት ውስጥ ሞዴሉ ያው የሆነ፣ ልጆች በኳስ ፓኔሉን የሰበሩት ቲቪ ተገኘ። ለስፔር ነው የተቀመጠው። ስትሪፖቹን አወጣን፣ ስናበራቸው ክፍሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፣ ሁላችንም ፊታችን ሰማያዊ፣ እትዬ በር ላይ ቆመው እያዩ "ኧረ በስማም!" አሉ።

አሁን የምነግራችሁን ብታዩት ደስ ይል ነበር። ዲፊውዘሩን አስቀመጥን፣ የኳንተም ዶት ፊልሟን ግማሹን ብቻ ሸፍነን ዘረጋናት። አንዱ ጎን ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ፣ ሌላው ጎን ፈዘዝ ያለ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ። እትዬ "ታዲያ አሁንም ሰማያዊ ነው እኮ" አሉ፣ ልክ ናቸው። ቀጥለን ፕሪዝም ያለባቸውን ፊልሞች ከላይ ደረብንባት፣ ወዲያው ነጭ ሆነ። ፕሪዝሞቹ በራሳቸው ቀለም የላቸውም። የሚያደርጉት ከብርሃኑ ከፊሉን ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ የተመለሰው ሰማያዊ ኳንተም ዶቷ ውስጥ እንደገና ያልፋል፣ እንደገና ይቀየራል፣ ከስር ባለው ነጭ ሺት ተመልሶ እንደገና። ፋብሪካው ይሄንን መመላለስ ቆጥሮ ነው የዶቱን ብዛት የወሰነው። ስለዚ አንዷን ፊልም "ትርፍ ናት" ብሎ የሚያስቀር ወይ ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው ቲቪው ወደ ሰማያዊ ይሄድበታል፣ ስትሪፑ ትክክል ሆኖም። እኛ ስንፈታ በየፊልሙ ጥግ ላይ በእርሳስ ቁጥር እንፅፋለን፣ ፎቶም እናነሳለን።

በካርቶኗ ስናይ ደግሞ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሶስቱ ለየብቻቸው፣ መሃላቸው ጨለም ያለ። ያ ዝርግ ቢጫ የለም። ጓደኛዬ ካርቶኗን ከዓይኑ አላነሳም አለ።

ገጠምነው። ሴቲንጉን ወደ ፋብሪካው መለስነው። ሳሩ አረንጓዴ፣ ማሊያው ቀይ። ያቺ ጥግ ግን አሁን ሰማያዊ ሆነች፣ እንደጠበቅነው፣ ዶቶቹ ስለሞቱ የሚመጣውን ሰማያዊ የሚቀይርላት የለም። ከተሰበረው ቲቪ ላይ ያለችውን ፊልም እንዳንጠቀም ፓኔሉ ሲሰበር መሃሏ ላይ ተጨማድዳለች፣ መሃል ላይ ያለ መስመር ከጥግ ይልቅ ያስጠላል። እትዬን አማከርናቸው፣ "ጥጉን ማን ያየዋል፣ ውጤት የሚፃፈው ከላይ ነው" አሉ። ትተነዋል።

ዶቶቹ ለምን ሞቱ ለሚለው፣ እንዲህ ያለ ቅንጣት በጣም ትንሽ ስለሆነ ከአተሞቹ ብዙዎቹ ገፁ ላይ ናቸው። ገፅ ላይ ያለ አተም ያልተያያዘ እጅ አለው፣ ኤሌክትሮኑ እዛ ከተያዘ ብርሃን ሳይሰጥ በሙቀት ያልቃል። ለዚህ ብለው ነው ዙሪያውን ዚንክ ሰልፋይድ የሚያለብሱት፣ የሱ ባንድ ጋፕ 3.6 አካባቢ ሰፊ ስለሆነ ኤሌክትሮኑን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያም ሆኖ ኦክስጅንና እርጥበት ከገባ ልባሱ ይበላል። ስለዚ ፊልሟ ከላይም ከታችም አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ታሽጋለች። ያ ሽፋን ከተላቀቀ፣ የጎንደር ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሐምሌና ነሐሴ ልብስ እንኳን አይደርቅም፣ ጥጓ በዛ ክረምት አለቀች። እና ፊልሟን በጥፍር መቆንጠጥ፣ ማጠፍ፣ በአልኮል ማሸት የለም። በሁለት እጅ ከሁለት ጫፍ፣ በንፁህ ጓንት።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። አንዳንዱ ኳንተም ዶት በካድሚየም ነው የሚሰራው፣ ካድሚየም ደግሞ መርዝ ነው፣ ኩላሊት ይጎዳል። የአውሮፓ ህግ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ከ0.01 ፐርሰንት በላይ እንዳይሆን ይከለክላል፣ ብዙ ፋብሪካዎች ወደ ኢንዲየም ፎስፋይድ የሄዱት ለዚህ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ፊልሟ ላይ አይፃፍም። ፊልሟ እንደታሸገች ለሰው አትጎዳም፣ ማቃጠል ግን አይቻልም፣ ከቲቪ የወጣ ፕላስቲክ ጓሮ ውስጥ የሚያቃጥሉ ጥገና ቤቶች አይቻለሁ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ነው።

ጥገና ለምትሰሩ፣ ይሄ ቲቪ ከመጣ ወዲህ ጓደኛዬ ቤት የተለወጠው ይሄ ነው። ባክላይት የሞተበት ቲቪ ሲመጣ ስትሪፕ ከማዘዙ በፊት አንድ ያልተቃጠለ ኤልኢዲ ፈልጎ ለብቻው ያበራል። ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊ ያዛል። ሁሉም ተቃጥሎ ከሆነ የኤልኢዲውን ፊት ያያል፣ ነጩ ላይ ቢጫ ቅብ አለ፣ ሰማያዊው ላይ ቅቡ የለም፣ ጥርት ያለ ነው። ፊልሞቹ መሃል ብርቱካናማ ካለች እሱም ምልክት ነው፣ አንዳንድ ሞዴል ላይ ግን ኳንተም ዶቱ ዲፊውዘሩ ራሱ ውስጥ ነው፣ ስለዚ ዲፊውዘሩ ቢጫ ከሆነ አትደንግጡ፣ አትቀይሩት። በተገላቢጦሽ ደግሞ ተራ ኤልኢዲ ቲቪ አርጅቶ ወደ ሰማያዊ ወይ ሐምራዊ ከሄደ ፎስፈሩ ስለተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ላይ አዲስ ነጭ ስትሪፕ ነው የሚገባው።

የእትዬ ቲቪ እየሰራ ነው። ከሱ የወጣው ነጭ ስትሪፕ ምንም ጥፋት የለበትም፣ አዲስ ነው፣ ልኩ የሚገጥም ተራ ቲቪ ሲመጣ እንዲገባ "ነጭ" ተብሎ ተፅፎበት መደርደሪያው ላይ አለ።